ለማርያም የተሳልሽው ድባብ

ትሁኔ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ተዝካርሽን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ፤ እሱን ሰምተሽ ይሆናል። ዛሬ የምጽፍልሽን ግን ባትሰሚው ደስ ባለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን የሺ በቁመት አንቺን አክላለች። ነጯ ላም ወለደች። ሱቁን የደጀን መንገድ ሲከፈት እከፍታለሁ፣ ሲዘጋ እዘጋለሁ። ጣሊያኖቹ ከደጃፋችን ፊት ለፊት መጋዘን ሠርተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቂበት ቦታ አሁን ጥላ ነው።

ድባቡን መቼም አትረሺውም። የሺ በኩፍኝ ተይዛ ዓይኗ በተከደነ ጊዜ ለማርያም የተሳልሽው፣ ታቦቷ ስትወጣ ከላይ የሚያዘው ቀይ የከፋይ ጥላ። ሦስት ክረምት ሰፋሽው። ለዘርፉ የወርቅ ክር አምጣ ብለሽ ብትልኪኝ ከደጀን ቢጫ ክር ገዝቼ መጣሁ። "ነጋዴ ሆነህ ወርቅና ቢጫ አትለይም?" ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ ሆኖም አንዱን ወገን በዚያው ጨረስሽው። ድባቡ ባለቀ በሳምንቱ ታመምሽ። መጨረሻ ላይ የለመንሽኝ አንድ ነገር ነው፤ ስለቴን አድርስልኝ አልሽኝ።

አላደረስኩም። ቄሱ ደጋግመው ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ወታደር ቤተ ክርስቲያን ይበረብር ይሆናል እንጂ የነጋዴ ጨርቅ አይፈታም ብዬ፣ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ሱቅ ውስጥ ከጣቃዎቹ ሥር አስቀመጥኩት። ጊዜው እስኪረጋ ነበር ሐሳቤ።

ከዚያ ጣሊያኖቹ የሀገራቸውን የካቶሊክ ቅዱስ ሊያነግሡ ነው ተባለ። የጥንት ነገሥታት ዘመን ሰው መስለው በእግር ከተማውን ይዞራሉ አሉ። ለዚህም ቀይ ጨርቅ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑን አልነኩም፤ የሌላው ሰው ስለት ሁሉ በዕቃ ቤቱ እንደተቀመጠ ነው። የፈቱት የእኔን ጣቃ ነው። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ድሮ ከእኛ ጨው ይገዛ የነበረው ሰው ነው። የስለት ዕቃ ነው ንገርልኝ ብዬ ብለምነው፣ "ጋሼ፣ ይህን ለአለቃው ብነግረው ታዲያ ለምን ደበቀው ነው የሚለኝ። ለአንድ ቀን ነው፤ ዝም ይበሉ" አለኝ። ድባቡን ይዘው ሲወጡ የተበተነውን ጣቃ መልሼ ጠቀለልኩ።

የሰልፉ ዕለት ሕዝቡ በመንገዱ ዳር እንዲቆም ታዘዘ። ከፊት ጥሩር፣ የጥንቱን የብረት የጦር ልብስ፣ የለበሱ ወታደሮች መጡ። ጥሩሩ ከቤንዚን ጣሳ የተቆረጠ ነው፤ ሲራመዱ ይንኳኳል። ከሮብ ገበያ የመጣች አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ "ኧረ ይኼ ሁሉ ጣሳ ለቅቤ በሆነን" ብትል ሰዉ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ወዲያው ቅዱሱ ብቅ አለ፤ ከእንጨት የተቀረጸ ጺማም ሰው፣ በአራት ሰው ትከሻ ላይ። ከራሱ በላይ ያንቺ ድባብ ተዘርግቷል።

የጎረቤታችን የእማሆይ ብርቄ ዓይን እንደምታውቂው ደክሟል። ቀዩን ድባብ ሲያዩ ታቦት የወጣ መስሏቸው እልል አሉና በግንባራቸው ተደፉ። ከኋላ ያለው ሰው የሚታየው ድባቡ ብቻ ነበርና እሱም ተከተላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጫማ ያለው ጫማውን አወለቀ። የጣሊያኖቹ አለቃ ደስ ብሎት እጁን ወደ ቆቡ አነሳ።

የሺ ክንዴን ያዘችኝ። "አባዬ፣ ያ ቢጫ ክር የእማዬ አይደለም?" አለች። ስትሰፊ ክሩን ትይዝልሽ የነበረችው እሷ ናት። አይደለም አልኳት። ሰው ሁሉ ተደፍቶ የቆምነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አንድ ወታደር ወደ እኛ ዞር አለ። አንገቷን ይዤ ወደ መሬት ዝቅ አደረግኳት፤ እኔም ጎነበስኩ። ልጅሽ የዳነችበት ስለት ከፊቷ እያለፈ ለማታውቀው ቅዱስ ሰገደች።

በማግስቱ አስተርጓሚውን ፈልጌ አገኘሁት። ድባቡ ከጣሳው ጥሩር ጋር በካሚዮን ተጭኖ ሄዷል፤ ሌላ ከተማም እንዲሁ ሰልፍ አለ። የት እንደሆነ እሱም አያውቅም።

የሺ ከዚያ ወዲህ ከሳጥንሽ የተረፈውን ቢጫ ክር አውጥታ፣ ገምዳ፣ ማተብ አድርጋ አስራዋለች። ምሳ ስታቀርብልኝ እዚያው በእጄ የያዝኩት አንገቷ ላይ አየዋለሁ።

ዕለት ዕለት የምጽፍበትን ደብተር ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ ማን መጣ ማን ሄደ። በዚያን ቀን ገጽ ላይ ያለው "ፀሐይ ነበር" የሚል ብቻ ነው። ሌላው እዚያ አልገባ አለኝ።

ሌላ ድባብ አሠራለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ከፋይ በከተማው የለም፤ ቢገኝም ያንቺ እጅ የለም። የቀረኝ ማስታወስ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ማርያም ደጅ ባዶ እጄን እቆማለሁ። ስምሽን እጠራለሁ፤ እሷ ሰፍታ ጨርሳለች፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እላለሁ። እዚያ ባለሽበት ስለቱን የሚጠይቅሽ ካለ፣ ወደ እኔ ላኪው።