ከመስኮቱ ዳር ያለው ወንበር

ውድ ማሬ፣

ድምፅሽን አላወቅኩትም። ዛሬ ጠዋት ከኋላዬ አንዲት ሴት ስልክ ላይ ስትጮህ ሰማሁና፣ "ደግሞ ይቺ ማን ናት?" ብዬ ዞርኩ። አንቺ ነሽ። ግድግዳው ሥር፣ የኔ በነበረው ወንበር ላይ፣ እንደ ዝንብ ጥዝ ከሚለው አምፖል በታች። "አባቴ፣ ውሃው ካልመጣ እኔ ከየት ላምጣልዎት? ላልቅስልዎት?" አልሻቸው። ውሃ ጠፋብኝ ብለው የደወሉት ሽማግሌ መልሰው ሳይጨርሱ ዘጋሽባቸው።

ክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ወዳንቺ ዞረ። ከዚያ አንዱ "ማርም ይኮመጥጣል ለካ!" አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ከመስኮቱ ዳር፣ ካንቺ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እናትሽን ልታስታምሚ ስትሄጂ "ወንበሬን አደራ" ብለሽኝ ነበር። ሰው አደራ ሲበላ ገንዘብ ነው የሚበላው። እኔ ብርሃን በላሁ።

እዚህ ቢሮ አንቺ ማር፣ እኔ እሬት ነበርን። ውሃ የጠፋበት ደንበኛ ደውሎ ሲሳደብብን "ለማሬ አሳልፉት" እንባባላለን፤ ሲገነፍል የነበረው ሰውዬ መርቆሽ ይዘጋል። ተፈጥሮዋ ነው እንል ነበር። እኔ ደግሞ ቁጣ አብሮኝ የተወለደ መስሎኝ፣ ልጄን እንኳ "እናትሽ እንዲህ ናት፣ ቻይኝ" ብያታለሁ።

ከዚያ እዚህ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም። አንድ ጠዋት ግን ብርሃኑ በመስታወቱ ገብቶ እጄ ላይ እንዳረፈ፣ አንዷ ደንበኛ እስከ ዘር ማንዘሬ ስትሰድበኝ፣ "እውነትዎን ነው፣ እመቤቴ" ስል ራሴን ሰማሁ። የማን ነው ይሄ ድምፅ? ያንቺ። ማለቴ፣ ያንቺ ብቻ ሲመስለኝ የኖረው። ግድግዳው ሥር ሳለሁ መዝነቡን የማውቀው ሰው ጃንጥላ ይዞ ሲገባ ነበር። እዚህ ደመናው ሲያልፍ አያለሁ፤ ሲያልፍ ካዩት ሌላውም የሚያልፍ ይመስላል።

"እማዬ፣ ሥራ ቀየርሽ እንዴ?" አለችኝ ልጄ።

"ምነው?"

"እያንጎራጎርሽ ነው እኮ!"

ልትመለሺ ስትይ አለቃችን ጠሩኝ። "ማሬ የትም ብትቀመጥ ማር ናት። አንቺ ግን እዚያ ሰው ሆነሻል። እዚያው ብትቀሪስ?" አሉ። "ጋሼ፣ መስኮቱ ነው፤ እሷንም ማር ያደረጋት እሱ ነው" ማለት ነበረብኝ። "እንደ ወደዱ" አልኩ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ።

አንቺም መጥተሽ ወንበሩን አየሽ። "አምሮብሻል" ብቻ አልሽኝ። ከልብሽ ነበር። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

አሁን አንዱ "የእናቷ ሕመም ነው" ይላል፣ ሌላው "ዱሮም ስታስመስል ነበር"። እኔ ዝም። ያን ግድግዳ በጀርባዬ አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላው አልገፋ ሲል፣ የሚደውለው ሁሉ ሆን ብሎ አንቺን ሊያበሽቅ የተነሳ ሲመስልሽ።

የሽማግሌው ልጅ ለአለቃችን ደውሎ ከሶሻል። ከስልክ ተነስተሽ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ትወርጃለሽ እየተባለ ነው። እዚያ መስኮት የሚባል ነገር የለም። አንቺ ከአለቃችን ቢሮ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ፤ ከዚህ ሆኜ ትከሻሽን አያለሁ። ቀድሜሽ ብገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ይህን ወረቀት ከመሙላት ይቀላል። ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? መጻፍ ቁጭ ተብሎ ስለሚሠራ ነው።

ፀሐይዋ ክርኔ ጋ ደርሳለች። ትሞቃለች።

ይችን መስመር ልጨርስና እነሳለሁ። በልጄ እምልልሻለሁ፣ እነሳለሁ።

እህትሽ፣
እሬቷ

ተጠራሽ። ቀሚስሽን አስተካክለሽ ተነሳሽ፤ ወደኔ ዞረሽ ፈገግ አልሽ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ገባሽ። በሩ ተዘጋ።