ሰማንያው ቀን እስኪሞላ

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ሲሳይ ዛሬም ቤ/ክ አልሄደም። አምስተኛ ቀኑ። ውኃ ቀዳ፣ ምድጃውን አነደደ፣ ሽሮውን ራሱ አማሰለ፣ አቀረበልኝ፣ ከዚያ በሩ ሥር ቁጭ አለ። እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ገና አራስ ነሽ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ይሉኛል። ምን ዓይነት አራስ እንደሆንኩ እንጃ።

ወተቱ አልቆመም። የከፋው እሱ ነው። ልጅ የለም፣ ወተት አለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ መጥተው ደረቴን በአሮጌ ነጠላ ጥፍንግ አድርገው አሰሩልኝ። በሦስት ቀን ይደርቃል አሉ። ቀሚሴ ይኸው እንደረጠበ ነው።

ደብተሬ፣ ሳምንት ሙሉ አልጻፍኩብሽም። የመጨረሻው ገጽሽ ላይ «ሚጡ ዛሬ ሳቀች» ይላል። ያን ገጽ አላነበውም።

ሚጡ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ሞተች። በስልሳ አንድ ቀኗ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር። ሳትጠመቅ ስለሄደች ፍትሐት የለም። ሲሳይና ሁለት ጎረቤቶች ወስደው ከቤ/ክ ቅጥር ውጭ ቀበሯት። እኔ አልሄድኩም። ስም እንኳ አላወጣንላትም፤ ለክርስትናዋ ብለን አቆይተነው ነበር። ሚጡ፣ ሚጡ እንዳልናት ቀረች።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

የጽጌ ወቅት ነው። ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ይቆማል፣ እስከ ንጋት። ሲሳይ በቀን ልብስ ሰፊ ነው፣ በቤ/ክ ግን ዲያቆን። ድምፁን ደብሩ ሁሉ ይወደዋል። ዛሬ ሁለት ዲያቆናት ሊጠሩት መጡ። ራሴን ያመኛል አላቸው። ትንሽ ቆመው፣ እኔን አይተው፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለው ሄዱ።

ሳምንቷ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሚጡ ከሐሙስ ጀምሮ ታስል ነበር። ቅዳሜ ትኩሳቱ ጨመረ። ጤ/ጣቢያ ወሰድናት፣ ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። ሲመሽ ጡት እምቢ አለች። ሲሳይን ለመንኩት። ሂድና ቄስ ወርቁን ጥራልኝ፣ አሁኑኑ ያጥምቋት አልኩት። ሕፃን ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ ሳይሞላም ይጠመቃል፤ ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው። እሱ ግን ካህናቱ ሁሉ ማኅሌት ላይ ናቸው፣ እንዴት ብዬ አስወጣቸዋለሁ፣ መድኃኒቱም ገና አልሠራም አለ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይዣቸው እመጣለሁ አለ። እሺ አልኩ። እኔም እኮ እሺ ብያለሁ።

ሁለት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም ነበር። ወደ ንጋቱ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ እሱ አቅፏታል። ዝም ብሎ ያየኛል። ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ብላ፣ ተኛ፣ በሩን ዝጋ እለዋለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ፣ መድኃኔዓለም

የንስሐ አባታችን ቄስ ወርቁ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሲሳይም ሊሳለም ቀረበ፣ ግን አጎንብሶ ግንባሩን ብቻ አስነካ፣ ከንፈሩን አላስነካም። እሳቸው ያዩት አልመሰለኝም። እኔ አየሁ።

ስለ ልጅቷ ብዙ አልተናገሩም። እግዚአብሔር የሚያውቀውን እኛ አናውቅም አሉ። ከዚያ ወደ መጡበት ጉዳይ ገቡ። የሲሳይ ቅስና ደርሷል። የድጋፍ ደብዳቤው ተጽፏል፤ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ከሌሎች ሁለት ዲያቆናት ጋር ሄዶ ይሾማል። ሐዘን ላይ መሆናችሁን አውቃለሁ፣ ግን ሥራው ያጽናናዋል አሉ።

ሲሳይ መሬት መሬት ያያል። እሺም እምቢም አላለ። እሳቸው ዝምታውን ትሕትና አድርገው ወሰዱት መሰለኝ፤ መርቀው ወጡ።

ለምን ዝም እንዳለ ልጠይቀው ፈለግሁ። ለመጠየቅ ግን መናገር ያስፈልጋል።

ጥቅምት 28

ወተቱ ደረቀ። ያላለቀስኩትን ሁሉ ዛሬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 30፣ ሐሙስ፣ አመሻሽ

አማቴ፣ እማዬ የምላቸው፣ ከደሃና ገጠር መጡ። ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በመኪና። የገብስ አጨዳውን ጥለው ነው የመጡት። አንድ አቁማዳ በሶ አምጥተዋል። ገና በሩ ላይ እንዳሉ ይዘውኝ አለቀሱ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ይዞኝ ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

ከልጃቸው ጋር ሲሆኑ በኽምጣኛ ነው የሚያወሩት። እኔ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ከአሥር ቃል ሦስቱን ብይዝ ነው። ከሰዓት ጓሮ ሄደው ቁጭ አሉ፣ ረጅም ሰዓት። እሱ ይናገራል፣ እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይሰማሉ። «ውኃ» የሚለውን ቃል ለየሁ። ደጋግሞ ነው ያለው። ሲገቡ የእማዬ ፊት ተለውጧል። ምን አለዎት ብላቸው የድሮ ነገር ነው አሉኝ።

ለእናቱ የሚነገር፣ ለእኔ የማይነገር ነገር በቤቴ አለ።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

ዛሬ ክፉ ሆንኩ። እጽፈዋለሁ፣ መሸሸግ ይብቃ።

ዲያቆናቱ እንደገና ለማኅሌት መጡ። እንደገና ራሴን አለ። እነሱ እንደወጡ አፌን ከፈትኩ። ያን ቀን ለማኅሌቱ ከልጅህ ይልቅ ሳሳህለት፣ ዛሬ ምነው ጠላኸው አልኩት። ልጄን ከቅጥር ውጭ ያስቀራት ያንተ «ነገ» ነው አልኩት። እማዬ እጄን ያዙኝ። አላቆምኩም።

ነጠላውን አነሣ፣ ወጣ። በብርዱ ሲዞር ቆይቶ ሰው እራት በልቶ ሲያበቃ ተመለሰ። ሳይበላ ተኛ። እኔም አልበላሁም። ሦስታችንም የተኛን መሰልን።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ነገረኝ።

ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እማዬ ለማስቀደስ ሄደዋል። መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«እኔ አጥምቄያታለሁ» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ዞር ስል ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ሳያቋርጥ ነገረኝ። እንቅልፍ እንደወሰደኝ ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ቄስ ወርቁ ዘንድ ሮጦ ለመመለስ ጊዜ የለም። ጥቂት ውኃ በጣሳ ፍሙ ላይ ለብ አደረገ። ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ አፈሰሰ፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ማጥመቅ የካህን ነው፣ ዲያቆን አይችልም። እያወቀ አደረገው። በነጠላው ጠርጎ ሳይጨርስ አለፈች።

ለዚህ ነው ቤ/ክ የማይሄደው። ለዚህ ነው መስቀሉን ያልሳመው። ያልተሰጠኝን ስለነካሁ ነው እግዚአብሔር እጄ ላይ የወሰዳት ይላል። ሁለት ሳምንት ይህን ሲያስብ ኖሯል።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ፈራሁ» አለ። «ማታ ለምን አልሄድክም ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

የታጠበውን ቀሚስ እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ስትሞት ነቅቶ የነበረው እሱ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። ለእሱ ያዘጋጀሁት ንዴት ሁሉ ወዴት ይሂድ? ግማሹ ወደ እኔ ዞረ። ግማሹ አሁንም እዚያው እሱ ላይ ነው፤ ቢቀሰቅሰኝ ኖሮ የመጨረሻዋን ትንፋሽ አያት ነበር።

ስም ሰጥቷታል። ወለተ ሰንበት። እሑድ ስለነጋባት።

እዚህ ልጻፈው። ወለተ ሰንበት ሲሳይ።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

እማዬ ነገ ይመለሳሉ፤ ገብሱ እየረገፈ ነው። ዛሬ ሲሳይ ሱቁ እያለ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንደምታውቂ አውቄያለሁ አሉ።

«ልጄ፣ ዝም በሉ» አሉኝ። «ይሾም። ከዚያ ለእግዜሩ በጓዳ ይነግረዋል። ለሰው ተነግሮ ምን ሊተርፈው?»

ከዚያ ያላወቅሁትን ነገሩኝ። ሲሳይ የቆሎ ተማሪ ሊሆን ከቤት ሲወጣ አባቱ ሞቶ ገና አርባው አልወጣም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ቁራሽ ለምኖ ተማረ። እሳቸው ሁለት ቀን መንገድ እየሄዱ በሶ ያደርሱለት ነበር፤ አንድ ጊዜ ወንዝ ሞልቶ አህያዋን ወሰደባቸው። በመንደራቸው ካህን የወጣለት ቤት የለም። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የምለምንሽ አንቺን ነው፣ እሱ አንቺን ይሰማል አሉ።

አልዋሽሽም ደብተሬ፣ እኔም አስቤዋለሁ። ቢሾም የቄስ ሚስት ነኝ። እናቴ ትኮራለች። ማን ያውቃል? እሱ፣ እኔ፣ እማዬ። እማዬ ደግሞ ለማንም አይናገሩም። ቀላል ነው።

ግን እሺ አላልኳቸውም። እምቢም አላልኩ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

እማዬን መናኸሪያ ሸኘናቸው። ጤ/ጣቢያ ከሄድንበት ቀን ሌላ፣ ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያ መውጣቴ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። እትዬ ዘነቡ ሲያዩኝ ሰማንያሽ ሳይሞላ ብለው ተቆጡ።

ስንመለስ ሲሳይ መንገድ ላይ ቆመ። በዋሸሁበት አፍ ወንጌል ማንበብ አልችልም፤ ተሹሜ ቅዳሴ ላይ ስቆም እጄን ነው የማየው አለ። ነገ ለቄስ ወርቁ ልነግራቸው ነው አለ።

«ቅስናውን ያስቀሩብኛል። ምናልባት ለዘለዓለም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ከሞተች ወዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። እሄዳለሁ አልኩ። የእማዬን ልመና እያስታወስኩ ነው ያልኩት፤ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ቄስ ወርቁ ቤት ነበርን። እኔ ቤ/ክ መግባት ስለማልችል ቤታቸው ሄድን። ሲሳይ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው። ያን ማታ እንድጠራዎት ለምናኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የቀረሁት ብሎ ጀመረ። ይህን እንዲናገር አልጠበቅሁም።

ቄስ ወርቁ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ፤

«ከማኅሌት ብትጠራኝ እኮ እወጣ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ሲሳይ ያኔ ነው ያለቀሰው። ሲቀብሯት አላለቀሰም አሉኝ፤ ዛሬ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እኔም ዓይኔን መያዝ አቃተኝ።

ሲረጋጋ ነገሩን ሳያለሳልሱ ተናገሩ። ያደረግኸው ጥምቀት አይባልም፤ ሥልጣኑ የለህም። ደብዳቤውን እይዘዋለሁ፤ ነገሩን ለበላዮቼ መናገር አለብኝ፣ የሚሉትን አላውቅም አሉ። እስከዚያው ቀኖናው ይህ ነው፤ እስከ ልደት ድረስ አያገለግልም፣ ቅጽሩ በር ላይ ቆሞ ያስቀድሳል፣ በየቀኑ መቶ ስግደት። ሲሳይ አሜን አለ። ያን ያህል ቀና ብሎ ሲቀመጥ በእነዚህ ሳምንታት አላየሁትም።

እኔ ግን የመጣሁበት ሌላ ነው። ልጅቷስ አባ፣ የት ናት አልኳቸው።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «ባውቅ እነግርሽ ነበር።»

ያጽናኑኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አላጽናኑኝም። ግን አልዋሹኝም።

ልንወጣ ስንል ማን አልካት ብለው ሲሳይን ጠየቁት። ነገራቸው። ወለተ ሰንበት ብለው ደገሙት፣ ቀስ ብለው። በጸሎት እጠራታለሁም አላሉ። እኔም አልጠየቅሁም።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ሰማንያኛው ቀን ዛሬ ሞላ። ክርስትናዋ ዛሬ ነበር።

ጠዋት ተነሥቼ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ። ቤት ጠረግሁ። እንደገና ጠረግሁ። እትዬ ዘነቡ መጥተው በይ እንግዲህ ነጽተሻል፣ እሑድ አብረን ገብተን እናስቀድሳለን አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት።

ሲሳይ ከሱቅ ለምሳ መጣ። ለእማዬ በስልክ ነግሯቸዋል። ምን አሉ ብዬ ስጠይቀው፣ ገብሱ ተሰብስቧል አሉ አለኝ። እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ።

ደብዳቤው የተያዘበት ወሬ ደብሩ ውስጥ ገብቷል። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ይፈጥራል። አንዱ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ሰላምታ ነፍጎታል። እሑድ በሩ ላይ ብቻውን ሲቆም ሰው ሁሉ እያየው ይገባል። አንቺ ግን ግቢ አለኝ። ሰማንያሽ ሞልቷል፣ አንቺ ምን አጠፋሽ አለኝ።

ይቅር ብዬዋለሁ? አላልኩም። አሁንም አንዳንዴ እጁን ሳይ ያ ጣሳ ይታየኛል፣ ያም ሌሊት፣ ያም «ነገ» ያለው። ገና ነው። ምናልባት ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

ግን የተጋባነው በቁርባን ነው። አንድ ሥጋ ናችሁ ተብለን። እሱ ውጭ ቆሞ እኔ ውስጥ ገብቼ የማስቀድሰው እንዴት አድርጌ ነው? ይህን ስነግረው ሞግቶኝ ነበር፤ ቀኖናው ያንቺ አይደለም አለ። ልክ ነው፣ የእኔ አይደለም። አልተሰጠኝም።

ለእትዬ ዘነቡም ነግሬያቸዋለሁ፤ እሑድ እንዳይጠብቁኝ። እስከ ልደት ድረስ በሩ ላይ ከእሱ ጋር እቆማለሁ።