ሁለት ሲሊንደር በስድስት ደቂቃ ለሞሉት አለቃዬ

ለተከበሩ የሐይቅና የወንዝ ነፍስ አድን ጣቢያ ኃላፊ
ዲላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ ቀኝ መዳፍዎ? ባለፈው ሐሙስ የጋለ ሲሊንደር የለበለበው ቆዳ ድኖ ማስጠንቀቂያ ለመፈረም መብቃቱን ከሰኞው ደብዳቤዎ ተረድቻለሁና እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤው እኔን ሥርጉት ሀብተ ጊዮርጊስን፣ የጣቢያውን የአየር ሙሊት ሠራተኛ፣ «ሁለት የጠላቂ ሲሊንደር ለመሙላት ሃያ ደቂቃ በመጠየቅ ሥራ አጓትታለች» ይላል። ግልባጩን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉልኝ፣ ከተማው መልሴንም ቢያነበው ቅር እንደማይልዎ አምኜ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጠዋት፣ እንድርያስ የተባለ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ተገልብጦ በዋዜማው አባያ ሐይቅ ውስጥ መስጠሙ ተነገረን። የምንሄደው አስከሬኑን ልንፈልግ ነበር። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሦስት እንግዶች በግቢያችን ቆመው ስለነበር እርስዎ በአንድ እጅዎ ሰዓትዎን እያሳዩ ወደ መሙያው ክፍል ገቡ። እኔ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ግፊቱን በደቂቃ ከሃያ ባር ሳላስበልጥ፣ በመዳፌ እየዳሰስኩ እሞላ ነበር። «ሰው ሬሳ እየጠበቀ አንቺ እዚህ አየር ታንጠባጥቢያለሽ?» አሉኝ። ከዚያም ከትልልቆቹ ማጠራቀሚያዎች የሚመጣውን አየር ቫልቭ በገዛ እጅዎ እስከ መጨረሻው ከፈቱት። አንዱ ሲሊንደር በሦስት ደቂቃ፣ ሁለተኛውም በሦስት ደቂቃ ሁለት መቶ ባር አሳየ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እርስዎም ሊያሳዩዋቸው አንዱን አነሣለሁ ብለው እጅዎን እንደ ተነደፈ ሰው ሰበሰቡ።

፪. ስለ ትምህርትዎም አመሰግናለሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው፣ አየር በጥድፊያ ሲታመቅ እንደሚግል፣ የጋለ አየርም መለኪያው ላይ ከልኩ በላይ እንደሚያሳይና ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ እንደሚወርድ ነበር። እንዲህ ባለው ግለት ደጋግሞ የተጎዳ ሲሊንደር አንድ ቀን ቢፈነዳ፣ አጠገቡ የቆመው ኃላፊ ይሁን ሠራተኛ እንደማይለይም አውቅ ነበር። ስለዚህ «ይቀዝቅዝና ልጨምርበት» ብዬ ለመንኩዎት። እርስዎ ግን «ሁለት መቶ ሁለት መቶ ነው» ብለው ፒክአፑ ላይ አስጫኗቸው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጠላቂያችን ፍሬዘር ሁለቱንም በመለኪያው ጌጅ ለካ። አንዱ መቶ ስድሳ አምስት፣ ሌላው መቶ ስድሳ ሰባት። ፍሬዘር ከደጋው ከቡሌ ብርድ ወርዶ አዞ ያለበት ውሃ ውስጥ መግባት የለመደ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ቁጥሩን በቀስታ ነገረዎት። «ጌጁ ተበላሽቷል፤ እኔ በዓይኔ ሁለት መቶ አይቻለሁ» ብለው መለሱለት።

፫. ይህኛው ምስጋና ከእኔ ሳይሆን ከወለላ ነው። ወለላ የእንድርያስ እህት ናት፤ ነጠላዋን አደግድጋ ዳር ላይ ተቀምጣ ነበር። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፤ ከታች የገዛ እጅ አይታይም። ስለዚህ ፍሬዘር በገመድ እየተመራ፣ ጭቃውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ መስመር በመስመር ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ሲሊንደሮች ሰባቱን መስመሮች እንዲያዳርሱ አስልተን ነበር። ስድስተኛውን እንደጨረሰ አየሩ አለቀ። ወጥቶ ጭንብሉን አወለቀና ዳር ወዳለው ቄጠማ እየጠቆመ ወለላን «አንድ መስመር ቀርቶኛል» አላት። ዲላ ተመልሶ ሞልቶ ለመምጣት ቀኑ አይበቃም ነበር።

ወለላ በማግሥቱ ወንድሟን አገኘች። ጎህ ሲቀድ የወጡ አጥማጆች እዚያው ቄጠማው ሥር፣ በሰባተኛው መስመር ላይ አገኙት። ቀብሩ ላይ ስንገናኝ «ሌሊቱን ዓሣ ምን አድርጎት ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት» አለችኝ። እርስዎ ቀብሩ ላይ ስላልነበሩ ይህንን በጽሑፍ ማድረስ ግዴታዬ መስሎኛል።

፬. ሪፖርትዎንም አንብቤአለሁ። «ፍለጋው በጠላቂው ዝግመት ሳይጠናቀቅ ቀርቷል» ይላል። ጠላቂው ዘገየ፣ አየር ሞዪዋ ዘገየች፤ በጣቢያችን የፈጠኑት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከጠየቅሁት ሃያ ደቂቃ ላይ ያተረፉት አሥራ አራት ደቂቃ የት እንደገባ ግን ሪፖርቱ ላይ አላገኘሁትም። አስከሬኑን የጫነው ፒክአፕም ከጣቢያችን የተላከ አልነበረም።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያውን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ፈርሜበታለሁ፤ ፋይሌ ውስጥ ይግባ። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሲሊንደር የሚሞላው በአሥር ደቂቃ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላም እንደገና ይለካል፤ የጎደለውም ይጨመራል። የማጠራቀሚያውን ቫልቭ ቁልፍም ማንም በጥድፊያ እንዳይከፍተው ለንብረት ክፍል በፊርማ አስረክቤአለሁ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ካሰቡ አይቸኩሉ፤ ጊዜ አለን።

ክብርዎን፣ ችኮላዎንና የእንግዶችዎን ጭብጨባ እያስታወስኩ፣ በዝግታዬ የጸናሁ ታዛዥዎ፣
ሥርጉት ሀብተ ጊዮርጊስ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ፍሬዘር ዛሬ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤውን በጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጧል። ጣቢያው ያለ ጠላቂ እንዳይቀር አስቤ የመጥለቂያ ልብሱን ለካሁት፤ በእርስዎ ቁመት ልክ ነው። ለሚቀጥለው ጥሪ ሲሊንደርዎን በሦስት ደቂቃ ልሙላልዎ ወይስ በአሥር? እባክዎ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።