ባዶ ባኮ ላላመጣ አይሰጥም

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከእጅዎ ለማይለየው ማኅተምዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ፀጉር የማስተካክለው ሰው ነኝ፤ እርስዎም ሁለት ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ስለ ሥራዎ ብዛት አጫውተውኛል። ያን ጊዜ ምላጭ ይዤ ስለነበር ዝም ብዬ ሰማሁዎት፤ ዛሬ ብዕር ይዣለሁና ይፍቀዱልኝ፣ እኔ ልናገር።

ባለቤቴ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ሐኪሟ ያዘዘላትን ክኒን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እየዋጠች ሁለት ዓመት ከአራት ወር አንዴም ሳትወድቅ ቆይታ ነበር። ሐኪሟ በየቀጠሮው የሚደጋግምላት ነገር ቢኖር፣ ደህና ሆንሁ ብለሽ በድንገት እንዳታቋርጪ የሚል ነው። እርስዎም ይህን ያውቃሉ፤ ከመስኮትዎ በስተግራ “የሚጥል በሽታ መድኃኒትዎን ለአንድ ቀንም ቢሆን አያቋርጡ” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏልና። በስተቀኝ ደግሞ “ባዶ ባኮ ላላመጣ አይሰጥም” ይላል። ከሁለቱም ግርጌ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፣ ማኅተሙም ያው ማኅተም። ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የተባለው ለምጽዋት ነበር እንጂ ለመድኃኒት አልነበረም።

ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማያነቡ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መስኮትዎ የሚከፈተው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ባለቤቴ ዓርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ፣ ባኮዋን ይዛ ተሰለፈች። ባኮው ውስጥ አንዲት ፍሬ ነበረች፤ የዚያኑ ዕለት ማታ የምትዋጥ። የመስኮቱ ሠራተኛ ባኮውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ ሲያልቅ ተመለሽ አላት። ሊያልቅ የቀረው ግማሽ ቀን መሆኑን ብታስረዳው ወይ ፍንክች! ቅዳሜን፣ እሑድንና ሰኞን በምን እንደምታልፍ ብትጠይቀውም፣ ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራ። ስለ ታማኝነቱ አመሰግነዋለሁ፤ አለቃው ከጻፉት አንዲት ነጥብ አላጓደለም።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ የግል መድኃኒት ቤቶችን አዳረስሁ። የተገኘው መጠኑ የእሷን እጥፍ የሆነ ብቻ ነበር፤ ባለ መድኃኒት ቤቷም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠን አይለወጥም ብላ፣ ሽያጩ ይቀርብኛል ሳትል መለሰችኝ። ሐኪሟ እስከ ማክሰኞ አልነበረም። ድንገተኛ ክፍል ብንሄድ፣ ያልወደቀ ሰው ድንገተኛ አይባልም ተባልን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብን ሰነበትን።

፪ኛ. ማክሰኞ ጠዋት ከሰልፉ ሦስተኛ ቆማ ሳለች፣ ባዶውን ባኮ በእጇ እንደያዘች ወደቀች። ሰልፈኛው እጅና እግሯን ጨምድዶ ለመያዝ ተረባረበ። ሠራተኛዎም ጥርሷን መፈልቀቂያ ይሆን ዘንድ የሻይ ማንኪያውን በመስኮቱ አቀበለ። መመሪያዎ ከወጣ ወዲህ ያለ ባዶ ባኮ በዚያ መስኮት የወጣ ነገር ቢኖር ይህ ማንኪያ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ልግስናው ምስጋናዬ የላቀ ነው። የፊት ጥርሷን የሸረፈው እሱ ነው።

የደረሰችላት ኮሪደሩን የምታጸዳው ሴት ናት። መወልወያዋን ጥላ መጣችና “ልቀቋት፤ አፏ ውስጥም ምንም አታስገቡ” ብላ ሁሉንም አስነሣች። ሹራቧን አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችላት፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ደቂቃ ቆጠረች፣ አምስት ካለፈ ሐኪም ይጠራ አለች። በሦስተኛው ደቂቃ መንፈራገጡ ሲያባራላት በጎኗ አስተኛቻት። ወንድሟን ስታስታምም የተማረችው መሆኑን ኋላ አጫወተችኝ። እሷንና የመስኮት ሠራተኛዎን ቦታ ቢያቀያይሩ ብዬ ልመክርዎ ነበር፤ ወለሉ አሳዘነኝና ተውሁት።

፫ኛ. ሌሎቹ ታካሚዎች ከባለቤቴ መውደቅ ትምህርት ወስደዋል። አሁን የቀረቻቸውን ፍሬ ፈልፍለው በመሐረብ ይቋጥሩና ለመስኮቱ ባዶውን ያሳያሉ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ የመሐረባቸውን ክኒን ከደም ግፊት ክኒናቸው ጋር ደባልቀውት፣ የቱ የትኛው እንደሆነ እንድለይላቸው ሱቄ መጡ። እኔ የምለየው ሽበት ነው፤ እጃቸውን ይዤ ወደ ሐኪም ወሰድኋቸው። ብክነት መቀነሱን ለበላይ አካል ሪፖርት እንዳደረጉ ሰምቻለሁና፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

አራተኛው የራስዎ መልስ ነው፤ ባለቤቴ ከወደቀች በኋላ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የሆነውን በቃሌ ነግሬዎታለሁ። ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ የሰጡኝ መልስ “ቀደም ብላ መምጣት ነበረባት” የሚል ነበር። ጌታዬ፣ ቀደም ብላ መጥታ ነበር። ያስመለሳትም ቀደም ብላ መምጣቷ ነው። ከቢሮዎ እንደወጣሁ ምላጬን አጥፌ፣ የዚያን ቀን ሰው ሳልላጭ ዋልሁ።

ዛሬ ባለቤቴ ክፍል ውስጥ የለችም። ርዕሰ መምህሩ፣ ስድስት ወር ሳትወድቅ እስክትቆይ ብለው መጻሕፍት ግምጃ ቤት አስቀምጠዋታል። ተማሪዎቿ በዕረፍት ሰዓት በሩ ላይ ተደርድረው ገጻቸውን ያነቡላታል፤ እሷም ታርማቸውና ወደ ሌላ አስተማሪ ትመልሳቸዋለች። አሁን የያዘችው ባኮ የሚያልቀው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ መስኮትዎ የሚከፈተው ዓርብ። ስለዚህ ዓርብ ስትሰለፍ በእጇ ሁለት ፍሬ ይኖራል። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ እነዚያ ሁለት ፍሬዎች ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ በስተቀኝ ያለውን ወረቀት እስከ ሐሙስ እንዲያነሡልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ማኅተምዎ ቀለም፣ መስኮትዎም ሰልፈኛ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ በሁለቱ ማስታወቂያዎችዎ መካከል ቆሜ እጅ የምነሣ፣

ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይዎ

ማስታወሻ፦ ማንኪያዎን አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። የእኔም ትዕግሥት አንዲት ፍሬ ቀርታዋለች። በመመሪያዎ መሠረት ሳታልቅ እንደማልስተናገድ ስለማውቅ፣ ዓርብ ባለቤቴን የመለሷት እንደሆነ ባዶውን ይዤ እመጣለሁ።