ሰደፉ እኔ ዘንድ፣ አፈሙዙ እርስዎ ዘንድ

አሰበ ተፈሪ
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዓባይ፣
ድሬዳዋ

እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። ጉልበቴ ዳገት እምቢ ብሏል፤ ዓይኔ ግን እስካሁን ክር ከመርፌ ያስገባል። እርስዎም በዚያ ሙቀት ጤናዎ ተጠብቆ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

አስቀድሞ መጻፍ ያለበትን ላስቀድም። ወይዘሮ ሳህሊቱ ማረፋቸውን የሰማሁት በሰኔ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎ። ለቅሶ ያልደረስኩት መምጣቴ ለዘመዶቻቸው ይከብዳል ብዬ ነው። ከእኔ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ቤትዎን ይዘው ኖረዋል፤ ቤት መያዝ ቀላል ሥራ አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ። ስለ እርሳቸው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የምጽፍልዎ ስለ አባቴ ጠመንጃ ነው።

ነገሩን እንደሚያስታውሱት አልጠራጠርም፤ ነገር ከሥሩ ካልተጀመረ ግን እጄ አይታዘዘኝም። የልጅነት መምህሮቼ በማስመሪያ ያስያዙኝ ልማድ ነውና ይታገሱኝ። እርስዎ ከቤታችን በወጡ ጊዜ ሦስቱ ሽማግሎች ግቢያችን ተቀምጠው ንብረቱን ሲያካፍሉ፣ ያልተስማማነው በጠመንጃው ብቻ ነበር። እርስዎ «ፈቃዱ በስሜ ነው፣ ሃያ ዓመት የተኮስኩበት እኔ ነኝ» አሉ። እኔ «አባቴ በባቡር መጋዘን ላቡን አፍስሶ ከፈረንሳዩ አለቃው የገዛው ነው» አልኩ። ሽማግሎቹ የእርስዎን ፊት አዩ፣ የእኔን ፊት አዩ። ከዚያ ሰደፉን ከነቃታው ለእኔ፣ ሁለቱን አፈሙዝ ለእርስዎ ሰጡ። «ለማንኛችሁም ብንሰጥ ድምፁን እንሰማዋለን ብለን ፈርተን ነው» አሉ። ገበያተኛው «እነ ዓባይ ጠመንጃ እንደ በግ ብልት ተካፈሉ» እያለ ስንት ጊዜ ሳቀብን።

እኔ በድርሻዬ ኖርኩ። ሰደፉን በየጊዜው እወለውላለሁ፣ ብረቱን ዘይት እቀባለሁ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ግን ጠመንጃው ያስፈልጋል። ከከተማው በታች ያለችውን መሬት ሙሜ እንደሚያርሳትና እህሉን እንደምንካፈል ያውቃሉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሙሜ ሁለት ልጆቹን ቀበረ። ከዚያ ወዲህ እንደ ዘንድሮ ያለ ማሽላ አላየንም፤ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ይኸው እሸት ሳለ ከርከሮ ከሸለቆው እየወጣ ያነጥፈው ጀመር። ሙሜ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ያስጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። ከርከሮዎቹ ለምደውታል። በታችኛው በኩል ያለው ተበልቶ አልቋል። እንዲህ ከቀጠለ ለአጨዳ የሚተርፍ አገዳ ብቻ ነው፤ የሙሜ የቀሩት ልጆች ደግሞ አገዳ በልተው አይከርሙም።

ስለዚህ ለሰደፉ የሚሆን ሌላ አፈሙዝ መፈለግ ጀመርኩ። እርስዎን ከመጠየቅ ያ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

እዚህ በድሪ የሚባል ቀጥቃጭ አለ። ማረሻም ይሠራል፣ አሮጌ ብረትም ይነግዳል። ሰደፉን አገላብጦ አየና «እማማ፣ ብረት ብረት ነው። አፈሙዝ ብቻ ይገኝ እንጂ እኔ አጋባዋለሁ» አለኝ።

«ሳይፈቃቀዱ ማጋባት ደግ አይደለም» አልኩት። ሳቀ። እኔ የተናገርኩት ግን ስለ ብረቱ ነበር።

የመጀመሪያው ከመቻራ፣ ከአንድ ቡና ነጋዴ ቤት መጣ። ውፍረቱ ልክ ነው፤ በድሪ ጥቂት ሞርዶት ማጠፊያው ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን አንድ ሞኝ፣ ለመደበቅ ይሁን ለሌላ፣ ጫፉን በመጋዝ ቆርጦታል። የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፉ ላይ ሲደርስ በጥቂቱ እንደሚጠብ፣ የጥይቱን ፍሬ ሰብስቦ የሚልከውም ያ ጥበት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። የእኛ ቀኙ ሰፋ ብሎ ለቅርብ፣ ግራው ጠበብ ብሎ ለሩቅ ነበር። ይህኛው ጥበቱ ከነጫፉ ተቆርጦ ሄዷል። ቢሆንም ሳይሞከር አይፈረድም ብዬ አሮጌ አንሶላ እሾህ አጥሩ ላይ ወጠርኩና ሙሜ ተኮሰ። የአንሶላው ዳርና ዳር ተበሳሳ፤ መሐሉ ንጹሕ።

ሙሜ አንሶላውን ዞሮ ዞሮ አየው። «አዴ፣ ወላሂ ይሄ ጠመንጃ አይደለም፣ ዘር የሚዘራ ገበሬ ነው! ከርከሮ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ አንቺን ይስቅብሻል።» እናት ብሎ ጠርቶኝም ዛሬም «አንቺ» ነው የሚለኝ። ማረሙን ትቻለሁ።

በድሪ «ጫፉ ላይ ቀለበት ከትቼ ላጥብበው» አለ።

«ቀለበት ለጣት ነው፤ መልሰው» አልኩት።

ሁለተኛው ከአሰቦት ነው። አንድ የሞተ ዘበኛ ትቶት የሄደ አፈሙዝ አለ ሲሉኝ ራሴ በጭነት መኪና ሄድኩ። በዚህ ዕድሜ ከሾፌር ጎን ተቀምጦ ያን አቧራ መዋጥ ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። ሳየው ግን ድካሜን ረሳሁ፤ በእኛው ላይ ያለው የፈረንሳይ ከተማ ማኅተም አለበት፣ ርዝመቱ ልክ፣ ቀኙ ሰፋ ግራው ጠበብ ያለ። እንደ ሕፃን ታቅፌው ተመለስኩ። በድሪ ሰደፉ ላይ አስቀምጦ ሲዘጋው ቀጭ አለ። ሙሜ አጨበጨበ። እኔ አባቴ እንዳስተማረኝ ስስ ወረቀት አፈሙዙና ሰደፉ ከሚገናኙበት አስገብቼ ዘጋሁና ሳብኩት። ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ወጣ።

እርስዎ ይህን ያውቃሉ። ወረቀት የሚወጣበት እሳትም ይወጣበታል፤ የሚወጣውም ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

«እዚህ ጋ ቀጭን ቆርቆሮ ብደርብበት ይይዛል» አለ በድሪ።

«የሚሞከረው በማን ፊት ነው?» አልኩት።

ሙሜ «በበድሪ ፊት ይሁን። እሱ እንደሆነ ሚስቱም አትለየውም፣ ሁልጊዜ ጥላሸት ነው» አለና አሳቀን። አፈሙዙን ግን በማግሥቱ መለስኩት።

ከዚያ መሰላ ወረዳም አንድ አለ አሉኝ። አልሄድኩም፤ ደከመኝ። በመሄድና በመምጣቱ ብቻ አይደለም። ባየሁት አፈሙዝ ሁሉ ላይ የማውቀውን እየፈለግሁበት መሆኑን አውቄው ነው የደከመኝ።

ባለፈው እሑድ ባሻ ብሩን ልጠይቅ ሄድኩ። ከሦስቱ ሽማግሎች በሕይወት ያሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከአልጋ አይነሱም፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። የጠመንጃውን ነገር ስነግራቸው ካንገታቸው ቀና አሉ።

«እስከ ዛሬ ሰደፉን ይዘሽ ተቀምጠሻል?»

«ዳኝነታችሁን አክብሬ ነዋ።»

«የምን ዳኝነት! እኛ መች አካፈልናችሁ? ግማሽ ግማሹን ያስያዝናችሁ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ አንዳችሁ የሌላውን ልትጠይቁ ትመጡና በዚያው እናስታርቃችኋለን ብለን ነው። እንዲህ ያላችሁ ደረቆች መሆናችሁን ማን አወቀ! ሁለቱ ጓደኞቼ እኮ ‹ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ› ሲሉ ሞቱ።»

ሻሼን አስተካከልኩና ወጣሁ።

እንግዲህ የደብዳቤዬ ጉዳይ ይህ ነው፤ አፈሙዙ እርስዎ ዘንድ ካለ እፈልገዋለሁ። እንዳልሸጡት እገምታለሁ። በሰው ይላኩልኝ ልል ነበር፤ ነገር ግን ፈቃዱ በእርስዎ ስም ስለሆነ ኬላ ላይ ሌላ ሰው ይዞት ቢገኝ ይታሰራል። በማያገባው ሰው ላይ ይህን ማድረግ አግባብ አይሆንም። ሌላ መንገድ ካለ ብዬ በሁሉም በኩል አስቤያለሁ፤ የለም። ይዘውት መምጣት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

በባቡር መኢሶ ይውረዱ። ቀኑን አስቀድመው ከጻፉልኝ ሙሜ እዚያ ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል። አፈሙዙን ዘይት በነካ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ቆዳ አያልብሱት፣ የቆዳ ጨው ብረት ይበላል። የጓዳው አጠገብ ክፍል ጣሪያው ተጠግኗል። አልጋው ያው አልጋ ነው። ማሽላው እስኪታጨድ ቢቆዩ ይበቃል። ማሽላው ሲያልቅ ደግሞ ጦጣው ወደ ቡናው ይወርዳል፤ ያንን ያኔ እናየዋለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። እርስዎ በግራ ትከሻ ስለሚተኩሱ ሰደፉ በግራ ጉንጭዎ ልክ መቀረጹን ያስታውሳሉ። ሙሜ የመቻራውን አፈሙዝ ሲሞክር ጉንጩን መትቶት አብጦ ሰነበተ። ስለዚህ በድሪ ትናንት መሞረጃውን ይዞ መጣና «እማማ፣ አፈሙዙ እስኪገኝ እንጨቱን ለሙሜ ጉንጭ ላስተካክለው» አለኝ።

«ሰደፉን እንዳትነካ» አልኩት።

ሙሜ በድሪን አየ፣ እኔን አየ። «አዴ፣ ታዲያ ማን ሊተኩስበት ነው?»

«ሂድ፣ ማሽላህን ጠብቅ» አልኩት።

የአሰቦቷ ሥላሴ መንገድዎን ታቅናልዎ። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

አክባሪዎ
ወለተሥላሴ