ያባትሽ አውራ ጣት

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሮዳስ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሆቴሉም ይሠራል፤ ዝናቡ ግን ዘንድሮ ከጎረቤት መንደር ከቡቲዬ ወዲህ አልሻገር ብሏል።

ባለፈው በስልክ ስለዚያች ኩቢት ስለምትሏት፣ ለአዲሱ ኮምፒውተራችሁ ስለምትመራመሩባት ኢምንት ነገር ያጫወትሽኝ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ድምጿ እንዲህ ከደከመ ለምን ሞንታርቦ አትተክሉላትም ብልሽ ሳቅሽብኝ። «ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል እኮ፣ እማ» አልሽ። ማጉያው እዚያው እሷ ባለችበት ማቀዝቀዣ ብርድ ውስጥ፣ አጠገቧ ሆኖ፣ የራሱን ጫጫታ ሳይጨምር መሥራት አለበት አልሽኝ። በኃይል ከጠየቋት ትረበሻለች፤ ከዘገዩባት ደግሞ መልሱ ይጠፋል። እንዲህ ያለች ቀበጥ አይቼ አላውቅም! ስልኩን ስዘጋ ግን ያሰብኩት አባትሽን ነበር።

ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለውና አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ ጠያቂ ጠፍቶ አያውቅም። ጎረቤታችን ጉዮ ላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ገብሬ! ፈያዳ? ደህና ነህ? አወቅኸኝ?» ይለዋል። ባለሱቋ ኸይራ በዚያ በኩል «ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞህ፤ እኔ ማነኝ?» ትለዋለች። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ እጮሃለሁ። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። አጎትሽ ያዕቆብማ «አእምሮው ሄዷል፣ በከንቱ አትድከሚ» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጠያቂውን ሁሉ ምሳ ብዬ ወደ ሆቴሉ ሰደድኩና ሬዲዮውን አጠፋሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደህናውን ግራ እጁን ያዝኩት። «አዎ ከሆነ በአውራ ጣትህ ተጫነኝ፤ ካልሆነ ዝም በል» አልኩት በሹክሹክታ። ያቺ ኩቢት የምትሰጣችሁ መልስ እውነት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ ስልሽ፣ አስቀድመን የምናውቀውን እንጠይቃታለን ብለሽኝ አልነበር?

«ስምህ ገብረመድኅን ነው?» ተጫነኝ።

«ስምህ ጉዮ ነው?» ጣቱ ዝም አለ፤ ከንፈሩ ግን ፈገግ አለ። ሮዲዬ፣ አባትሽ አለ! አእምሮው የትም አልሄደም፤ እኛ ነን የጮኽንበት።

ከዚያ የማላውቀውን ጠየቅሁት። «ሮዳስ ሥራዋን ትታ ትምጣ?» ጣቱ ዝም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ ጠበቅሁት። ደግሜ ጠየቅሁት፤ አሁንም ዝም። ሥራሽን እንዳያስተጓጉልብሽ ብሎ ነው አልኩ። «እሺ፣ እንዳትመጣ እነግራታለሁ» ብዬ ልነሳ ስል እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። ተጫነኝ፣ አልለቀቀኝም። የቀረበልን ምሳ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዲሁ ተቀመጥን።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ «አዎ፣ እንዳትመጣ ንገሪያት» ማለቱ ነው ወይስ «ተይ፣ አትምጪ አትበያት»? እኔ መለየት አቃተኝ። ፈራሁም መሰለኝ። ደካማ መልስ መለየት ያንቺ ሥራ አይደል? እጁ እዚህ ነው።

ደካማውን ድምፅ የሚሰማ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ ወይንሸት