ኤንፒሲ ሹመት አይደለም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ከእናት እኩል ላሳደግሽኝ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? አባባን ሳሉ ለቀቀው? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችንስ ደኅና ናቸው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። የታመመው ሆዴ ነው፤ እሱም ምግብ አይደለም ያሳመመው።

ባለፈው ደብዳቤዬ «ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ኤንፒሲ ይሉኛል፣ የእንግሊዝኛ ማዕረግ ሳይሆን አይቀርም» ብዬሽ ነበር። አንቺም ደስ ብሎሽ ለሰፈሩ አዳርሰሻል፤ አልፈርድብሽም። ልጅሽ ግን ትምህርት ቤት ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ተብላ «እንደ አጎቴ ኤንፒሲ» ማለቷን፣ መምህሯም ትርጉሙን ጠይቀሽ ነይ ማለታቸውን ስትጽፊልኝ ክው አልኩ። ለካ እኔም አላውቀውም።

አለቃችን ገና ወጣት ነው፤ ሲሄድም ሲመጣም ስለሚያፏጭ እኛ በስውር «ፉጨት» እንለዋለን። ከስልኩ የለቀማትን ቃል ሁሉ ሰው ላይ ይለጥፋል። በየምሳ ሰዓቱ ለሚስቱ የሚደውለውን ያገራችንን ሰው፣ ልብስ ተኳሹን፣ «ሲምፕ» አለው። ሳሙናው እጇን ቢልጣት ጓንት የጠየቀችውን ሴትዮ ደግሞ «ካረን»። እኔን አንሶላ አጣፊውን ኤንፒሲ። ለእኔ የደረሰኝ ረዘም ያለ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው፣ ሞኙ ወንድምሽ!

ባለጓንቷን፣ እሷም ያገራችን ልጅ ናትና፣ ጠየቅኳት። እሷም እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ «ካረን ማለት መጨቃጨቅ ሥራዋ የሆነ ሴት ናት። ሲምፕ ለሴት ብሎ ክብሩን የሚጥል ወንድ ነው። ኤንፒሲ ግን በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ማንም የማይጫወትበት ሰው ነው። መንገድ ዳር ይገተራል። ብታናግረው አንድ ነገር ይላል፤ ብትገፋው ያንኑ ይደግማል። ነፍስ የለውም።»

እታለም፣ የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩት። እኔ ከዚህ አገር ቋንቋ አጣርቼ የማውቀው «እንደምን አደራችሁ፣ መልካም ቀን ይሁንላችሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ለካ የአንሶላ ጋሪዬን በእግራቸው እየገፉ እሱን ሲያስደግሙኝ የከረሙት ለዚህ ነው! እኔም ወደውኝ መስሎኝ አብሬያቸው ስስቅ ነበር። ከሁሉ ያስጠላኝ ግን የራሴ ነገር ነው፤ ሰው ሲስቅ አይቼ ያን ምስኪን ተኳሽ «ሲምፕ» ብዬ ጠርቼዋለሁ፣ ያውም ብዙ ጊዜ።

በማግስቱ ፉጨት ሁለት አዲስ ሠራተኞች አስከትሎ መጣና ጋሪዬን ገፋ። የለመደውን ሰላምታ ነፈግኩት። ደግሞ ገፋው። ባለጓንቷ ያስጠናችኝን አወጣሁ፦ «ስም አለኝ፤ በእሱ ጥራኝ።» ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ቀልድ እኮ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚለው ነው» አለ። ሁሉም ሰው ቢተፋብኝ አንተም ትተፋለህ ወይ ልለው ነበር፤ ቋንቋው አጠረኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቆሻሻ መለያው አዛወረኝ። አሁን የሰው ትውከትና የሰው ደም ያለበት አንሶላ እለያለሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የዚያን ሳቅ ያህል አይከረፋኝም።

ወደ ተኳሹም ሄድኩ። ስልኩን እስኪዘጋ ጠብቄ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ ነውና ይቅር በለኝ አልኩት። «እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ» አለኝ። «ለባለቤቴ ስነግራት ስትስቅ ዋለች። የእነሱ ምንም አልመሰለኝም። ያንተ ግን ከፋኝ።» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ምሳችንን አብረን በላን።

ልጅሽን አትደብቂያት። ትርጉሙን እንዳለ ንገሪያት፣ ለመምህሯም ትንገር። አጎቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ይለያል ትበል፤ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአባባ ስታነቢለት የመገፋቱን ነገር ዝለዪው፤ ዱላዬን አምጡ ማለቱ አይቀርም። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺ። ለጎረቤቶቻችን ሹመቱ ተሽሯል በያቸው፤ ይሳቁ፣ የእነሱ ሳቅ አያመኝም። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለጓንቷም ሰላም ብላሻለች። ተኳሹ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ለማን ነው አለኝ፣ ለእህቴ አልኩት። «ወንድምሽ ወንድሜም ነው በልልኝ» ብሏል።

የማትሰለቺው ወንድምሽ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ኅዳር ፯ ቀን